ፍሪስታይል ሊብሬ 2 ስኳርና ፓርኪንሰን አብረው ላሉበት ታማሚ፦ የሚጠቅምበትና የሚያስቸግርበት

የደም ስኳሩ ወደ 55 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) የወረደ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ቃል ይጠፋበታል። የሌቮዶፓው (የዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት) ኃይል እያለቀበት ያለ የፓርኪንሰን ታማሚም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሕመሞች አንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ አጠገቡ ያለ አስታማሚ በዓይን ብቻ የቱ እንደሆነ መለየት ይቸግረዋል። ይባስ ብሎ ስኳርም ፓርኪንሰንም ላብን፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን የሚቆጣጠሩትን ነርቮች ስለሚጎዱ፣ ስኳሩ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊወርድ ይችላል። ለሌላው የስኳር ታማሚ ሊብሬ 2 (ክንድ ላይ ተለጥፎ ስኳርን ያለማቋረጥ የሚለካ ሰንሰር) ጣት ከመውጋት የሚያሳርፍ ምቾት ነው። ለዚህ ታማሚ ግን ምልክቱ የማይታመንበትን አካል የሚጠብቅ ዘብ ስለሆነ፣ የምንመዝነውም በዚሁ ሥራው ነው።

ሰንሰሩ የአቦት ምርት ነው። በላይኛው ክንድ ጀርባ ይለጠፋል፤ ከቆዳ ሥር የምትገባው ቀጭን ክር 5 ሚሊሜትር ያህል ናት። ከተለጠፈ ከ1 ሰዓት በኋላ ንባብ ይጀምራል፣ 14 ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ በዓመት 26 ያህል ሰንሰር ያስፈልጋል። ከ40 እስከ 400 ሚሊግራም በዴሲሊትር ያነባል። ማንበቢያውን (አፑ ንባቡን ራሱ የማይቀበል ከሆነም ስልኩን) ከ4 ሴንቲሜትር ባነሰ ርቀት ሲያስጠጉት ቁጥሩን፣ የሚወጣበትን ወይም የሚወርድበትን ቀስትና ያለፉትን 8 ሰዓታት መስመር ያሳያል። ከ8 ሰዓት በላይ ሳይነበብ ከቆየ የቀደመው መረጃ ይጠፋል። የእጅ መንቀጥቀጥ ያለበት ሰው ስልክ ወደ ክንዱ ጀርባ አዙሮ መያዝ ስለሚከብደው፣ ማታ ከመተኛት በፊትና ጠዋት ሲነሱ ንባቡን አስታማሚው ቢወስድ ይሻላል።

አለጣጠፉ የዚህ ዕቃ ደካማ ጎን ነው። ሊብሬ 2 በሁለት ክፍል ይመጣል፤ ሰንሰሩ ያለበት ጥቅልና መለጠፊያው ለየብቻ ናቸው፣ ኮዳቸውም አንድ መሆን አለበት። ምልክቶቻቸውን አግጥሞ ጠረጴዛ ላይ አጥብቆ መጫን፣ ከዚያ ክንዱ ላይ አድርጎ እስኪቀጭል መግፋት፣ ቀስ ብሎ መሳብ። የሚንቀጠቀጥ እጅ መሃል ላይ ካወላገደው ክሩ ይታጠፋል፣ ሰንሰሩም ይባክናል። ስለዚህ ሌላ ሰው ይለጥፈው፤ ጊዜውም መድኃኒቱ በደንብ የያዘበትና አካሉ የተረጋጋበት ይሁን። ፓርኪንሰን ቆዳን ያወዛል፣ ላብም ያበዛል፤ ማጣበቂያውም በዚህ ይለቃል። ቦታውን ሽታ በሌለው ሳሙና ማጠብ፣ በአልኮል ጠርጎ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ፣ በዚያ ቀን ቅባትም ሎሽንም አለመቀባት ብዙውን ችግር ያቃልላል። ተጨማሪ ፕላስተር ከተጠቀሙ መሃሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ አይሸፍኑ። ኢንሱሊን ከሚወጋበት ቦታም ቢያንስ 2.5 ሴንቲሜትር ይራቅ።

የትኛው ክንድ? በፓርኪንሰን አልጋ ላይ መገላበጥ ስለሚከብድ፣ ታማሚው ሌሊቱን በአንድ ጎኑ ሊያድር ይችላል። ሰንሰሩ በሰውነት ክብደት ሲጨመቅ እዚያ ያለው ፈሳሽ ስለሚቀንስ ንባቡ በውሸት ይወርዳል፤ በሌሊት 58 ብሎ ይጮሃል፣ ጣት ሲወጋ 120 ይሆናል። ስለዚህ የማይተኛበት ክንድ ይመረጣል። ሌላም ነገር አለ፦ ከወንበር ሲያነሡ ላይኛውን ክንድ ጨብጦ መጎተት ሰንሰሩን ይነቅለዋል። ወገብ ላይ በሚታሰር ቀበቶ ወይም ከብብት በታች ደግፎ ማንሣት ይሻላል። ጃኬት ሲያለብሱም ሰንሰሩ ያለበትን እጅ መጀመሪያ ያስገቡ።

ዋናው ነገር ግን ማንቂያው ነው። የዝቅተኛ ስኳር ማንቂያው ከ60 እስከ 100 ባለው መካከል የሚስተካከል ሲሆን፣ ፋብሪካው 70 ላይ አድርጎት ይመጣል። ቀስ ብሎ ለሚንቀሳቀስ፣ ቀስ ብሎ ለሚውጥና ብቻውን ወደ ወጥ ቤት ለማይደርስ ሰው 70 ዘግይቷል፤ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ 80 ወይም 85 ላይ ማድረግ ምላሽ መስጫ ጊዜ ይሰጣል። ማንቂያው በብሉቱዝ ስለሚሄድ ስልኩ ከ6 ሜትር ባልራቀ ቦታ መሆን አለበት። ብሉቱዝ መጥፋቱ፣ ማሳወቂያ መከልከሉ፣ ስልኩ ድምፅ አልባ መሆኑ፣ እነዚህ ሦስቱ ማንቂያው አልሠራም ለሚሉ ቤተሰቦች የመጀመሪያ መፈተሻ ናቸው። ግንኙነቱ 20 ደቂቃ ከተቋረጠ ሌላ ማንቂያ ይሰማል፤ እሱን እንደ ረብሻ ቆጥሮ ማጥፋት ትልቅ ስሕተት ነው። ሊብሬሊንክአፕ በሚባለው የቤተሰብ መከታተያ አፕ እስከ 20 ሰው በርቀት መከታተል ይችላል፤ ግን ይህ በሁለቱም ወገን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ዳታ ሲቋረጥ ዋሽንግተን ያለችው ልጅ አታይም፤ አዲስ አበባ አልጋው አጠገብ ያለው ስልክ ግን ይጮሃል። ስለዚህ የሩቁ ተከታታይ የቅርቡን አይተካም፤ ማንቂያውን ሰምቶ የሚነሣ ሰው በቤት ውስጥ ከሌለ ይህን ዕቃ ለመግዛት አንመክርም።

ሌላው የሚመሰገንበት፣ መስመሩ ጨጓራውን ማሳየቱ ነው። ስኳርም ፓርኪንሰንም ጨጓራ ምግብን የሚያስተላልፍበትን ፍጥነት ያዘገያሉ። ድብልቅ (70/30) ኢንሱሊን ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ተወግቶ፣ እንጀራው በዝግታ ተበልቶ በዝግታ ሲፈጭ፣ መስመሩ መጀመሪያ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ወደ ላይ ይተኮሳል። በጣት ብቻ ለሚለካ ሰው ይህ ቅርጽ አይታይም፤ የታየው ከፍታ ብቻ ከሆነ መጠን ይጨመርና መውረዱ ይብሳል። ይህን ቅርጽ ለሐኪሙ ማሳየት የሚወጋበትን ሰዓት ወይም የኢንሱሊኑን ዓይነት ለማስቀየር በቂ ምክንያት ነው። አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን፦ ለጨጓራ መዘግየትና ለማቅለሽለሽ በየቦታው የሚታዘዘው ፕላሲል (ሜቶክሎፕራሚድ) ፓርኪንሰንን ስለሚያባብስ ለእነዚህ ታማሚዎች አይሰጥም። ፋርማሲ ላይም ይህን ይናገሩ።

መዞርና መውደቅ ሲመጣም ሰንሰሩ ይረዳል። ሲነሡ የዞረባቸው ሰው ንባባቸው 140 ከሆነ ጉዳዩ ስኳር አይመስልም፤ የደም ግፊት ነው መለካት ያለበት። ተኝተው፣ ከዚያ ቆመው በ3 ደቂቃ ውስጥ፤ ላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ ለሐኪም የሚነገር ነው።

ማንቂያው ከጮኸ በኋላ ያለውን ሥራ ሰንሰሩ አይሠራም። 15 ግራም ፈጣን ስኳር፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ እንደገና መለካት የታወቀው መንገድ ነው። መዋጥ ለሚቸግረው ታማሚ ግን ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም የግሉኮስ ጄል፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሻላል። ወተት እዚህ ላይ ጥሩ አይደለም፤ ስኳሩ ቶሎ አይደርስም፣ ፕሮቲኑም የሌቮዶፓን መተላለፍ ይሻማል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ግሉካጎን (ስኳርን ቶሎ ከፍ የሚያደርግ የድንገተኛ መድኃኒት) ካለ ይሰጠዋል፣ ከሌለም ካለም ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

ማሩ ወይም ጄሉ ከተሰጠ በኋላ የሚለካው ግን በጣት ነው። ሰንሰሩ ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ እንጂ ደሙን ስለማይለካ በጥቂት ደቂቃ ይዘገያል፤ ገና ዝቅ ያለውን ቁጥር አይቶ ሁለተኛ ማር የሚሰጥ ሰው ስኳሩን 300 ያደርሰዋል። በመጀመሪያው ቀን፣ ቀስቱ ቀጥ ብሎ ሲወርድ፣ ንባቡና የታማሚው ሁኔታ ሳይገጥሙም እንዲሁ ጣት ይወጋል። ስለዚህ የቆየውን ማሽንና ስትሪፕ አይጣሉ። በቀን ከ500 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ ንባቡን በውሸት ከፍ ስለሚያደርግ የወረደ ስኳርን ይሸፍናል፤ ለጉንፋን ተብሎ በውኃ የሚሟሟው ጽላት ብዙ ጊዜ 1000 ነው። ለኤምአርአይ ሲገቡ ሰንሰሩ መነሣት እንዳለበት አስቀድመው ይጠይቁ፤ የተነሣው ተመልሶ አይለጠፍም፤ ቀጠሮ ካለ ከ14ኛው ቀን ጋር አጣጥመው ይያዙ።

በውጤቱ ላይ ምን ይጠበቅ? ለአረጋውያንና ለደካማ ታማሚዎች የተቀመጠው ግብ ከሌላው ይለያል፦ ከቀኑ ከግማሽ በላይ በ70 እና በ180 መካከል፣ ከ70 በታች ያለው ጊዜ ደግሞ ከ1 በመቶ በታች። የአፑን ሪፖርት አረንጓዴ ክፍል (በ70 እና በ180 መካከል ያለውን ጊዜ) ለማስፋት ብሎ ቀዩን (ከ70 በታች ያለውን) መጨመር ለዚህ ሰው አደጋ ነው።

አሜሪካ ያሉ ወላጆች ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ፣ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ በቀን የሚወጉት ብዛት ሳይጠየቅ ይሸፍናል። አማራጭ ካለ ሊብሬ 3 ለዚህ ቤት የተሻለ ነው፤ መለጠፊያው አንድ ክፍል ነው፣ ማስጠጋት ሳያስፈልገው በየደቂቃው ራሱ ይልካል። ከውጭ የሚያስመጡ ሰዎች ግን ይጠንቀቁ፤ አፑ በአገር የተከፈለ ስለሆነ የአንድ አገር ሰንሰር ከሌላ አገር አፕ ጋር ላይሠራ ይችላል፣ የእንግሊዝ ማንበቢያም በሚሊሞል ነው የሚያሳየው (70 የሚባለው እዚያ 3.9 ነው)። ሰንሰሩ ሙቀት አይወድም፤ በሻንጣ ውስጥ ፀሐይ ላይ የቆየ አይገዛም። ከመክፈልዎ በፊት ካርቶኑን ፎቶ አስነሥተው ለየትኛው አገር እንደተሠራና የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ።