ባሕር ዛፋችንን የቆረጡልን ልጆች

አራት ኪሎ አካባቢ ጣሪያችሁ ላይ ያዘነበለ ባሕር ዛፍ ካለ ክረምት ሳይገባ አስቆርጡት፤ አፈሩ ውሃ ሲጠግብ ሥሩ ይለቃል። እኛ ግቢ የመጡት ልጆች ሥራቸውን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ከሥር ገዝግዘው አልጣሉትም። አንዱ ወገቡን በገመድ ታስሮ ጫፍ ድረስ ወጣና ቅርንጫፉን እያሰረ ከላይ ጀምሮ ቁራጭ በቁራጭ ሲያወርድ፣ ታች ያሉት ገመዱን ቀስ እያሉ ይለቁለት ነበር፣ ቆርቆሮው ላይ አንዲት ጭረት የለም። ሽቦ አጠገብ ያለውንማ መብራት ሳይቋረጥ አንነካም አሉ፤ በጣም ደስ አለኝ። ዋጋቸው ወደድ ይላል፣ ግን ጣሪያ ማስቀየር ዛሬ ስንት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ቅር ያለኝ ቅጠሉንና ጭራሮውን ግቢ ውስጥ ትተውት መሄዳቸው ነው፤ ማንሳቱን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ እሱንም አስነቅሉ።