ለእናቴ የፖም ጣፋጭ የተጠቀምኩበት ኤሪትሪቶል

እናቴ 2ኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ስላለባቸው በበዓል ጣፋጭ ሲቀርብ ዘወትር እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ይህ ስለሚያሳዝነኝ ከአንድ ሱፐርማርኬት የገዛሁትን ኤሪትሪቶል የተባለ የስኳር ምትክ በጨንቻ ፖም ሞከርኩት። ፖሙን ከነልጣጩ ከትፌ፣ በቀረፋና በሎሚ ጭማቂ ለውሼ፣ ከላዩ አጃና የተፈጨ ለውዝ ነስንሼበት በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ35 ደቂቃ ጋገርኩት።

ኤሪትሪቶል የደም ስኳርን ከፍ አያደርግም ማለት ይቻላል፤ ጣፋጭነቱ የስኳርን 70 በመቶ ያህል ቢሆንም፣ የበሰለው ፖም የራሱ ጣዕም ስላለው ተጨማሪ አላስፈለገኝም። ጉድለቱ እንደ ስኳር ወርቃማ ቀለም አለማውጣቱና፣ በተለይ ምግቡ ሲቀዘቅዝ፣ ምላስ ላይ እንደ ናና ያለ የቅዝቃዜ ስሜት መተዉ ነው፤ ስለዚህ ለብ እንዳለ ቢቀርብ ይሻላል።

በማሸጊያው ላይ «ለስኳር ሕመምተኞች ያለ ስጋት» የሚለውን ጽሑፍ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ 100 ግራም ፖም ብቻውን 14 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ስላለውና አጃውም ስለሚታከልበት፣ እናቴ የበሉት አንድ ትንሽ ቁራሽ ብቻ ነው። ዋጋው ከተራ ስኳር እጅግ ቢወደድም ለመጪው በዓል ደግሜ እገዛዋለሁ።