የድሮ የጀርመን የሙዚቃ ሸክላ የምትገዙ፣ ሸክላው ከዓይናችሁ እንዳይሰወር

ጀርመን አገር ሆናችሁ ሸክላ የምትሰበስቡ ወገኖች፣ ይቺን ሳትዘሉ አንብቡልኝ። ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው። 420 ዩሮዬን ተበልቻለሁ። አቤቱታ ስላስገባሁ የሱቁን ስም እዚህ አልጠራም። ከተማው ፍራንክፈርት ነው።

የባለሱቁን ዓይነት ግን ታውቁታላችሁ። ጠባብ ሱቅ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ሸክላ፣ ግድግዳው ላይ በፕላስቲክ ተጠቅልለው የተሰቀሉ ውድ ውድ ሽፋኖች። አበሻ ሲገባ ገና ሰላም ሳይል “ቤተሰቦችህ ጋ የአምሃ ወይም የካይፋ ሸክላ የለም?” ብሎ፣ የድሮዎቹን የአገራችንን ሸክላ አሳታሚዎች እየጠራ የሚጠይቀው። እናቶቻችን ለትዝታ ያስቀመጡትን በ10 ዩሮ ወስዶ፣ በመቶዎች ዋጋ ለጥፎ መልሶ የሚሰቅለው። እሱ ነው።

እኔ የሄድኩት ለሌላ ነገር ነው። ኾል ካራቫን የተባለው የጀርመን ባንድ “ኤሌክትሪፕ” የተሰኘው አልበም፣ በፈረንጆቹ 1969 ሃንዛ የተባለው የሸክላ ኩባንያ ያሳተመው የመጀመሪያው ኅትመት ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አይቼ ነው። ለማታውቁት፣ ልጆቹ እዚሁ ጎረቤት የቪስባደን ናቸው። ሲጀምሩ ስማቸው ሶል ካራቫን ነበር። የአሜሪካኖቹን የሶል ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር፤ በ1967 በሲቢኤስ ኩባንያ አንድ አልበም አውጥተዋል። “ኤሌክትሪፕ” ላይ ስትደርሱ ግን ሌላ ባንድ ነው የምትሰሙት። ቲም ቤልቤ በሳክስፎን፣ ሃንሲ ፊሸር በሳክስፎንና በፍሉት ከፊት ይመራሉ። የሳክስፎኑን ድምፅ በኤሌክትሪክ መሣሪያ እያሳለፉ ያጣምሙታል፣ ያስጮኹታል። ኦርጋኑ ከሥር ይፈላል። ኋላ ክራውትሮክ የተባለው የጀርመን ሮክ ሙዚቃ ገና ስም ሳይወጣለት፣ ጃዝንና ሳይኬደሊክ ሮክን ጀርመን ውስጥ እንዲህ ያዋሃዱ ቀዳሚዎች ናቸው። ካን የተባለው ሌላው የጀርመን ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በዚያው ዓመት ነው። አምሃ እሸቴም አዲስ አበባ ላይ የሸክላ ኩባንያውን የመሠረተው በዚያው በፈረንጆቹ 1969 ነው። ሽለላን በሳክስፎን ያሰማንን ጌታቸው መኩሪያን እየሰማሁ ላደግኩት ለእኔ፣ ይህ አልበም የሩቅ ሰው ሙዚቃ አይደለም። “ሬይዝ አፕ ሃይ” የሚለውን ረጅሙን ሥራ ስሰማ ዘመድ ቤት የገባሁ ያህል ይሰማኛል። ለዚህ ነው ገንዘብ ሳጠራቅም የከረምኩት። ሙዚቃውን ብቻ ብፈልግማ ዳግም የታተመው አለ፣ በርካሽ ይገኛል።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ።

ሰውዬው ሽፋኑን ከግድግዳ አውርዶ ሰጠኝ። አገላብጬ አየሁት። የጠርዙ ወረቀት ተልጧል፣ ጀርባው በዕድሜ ቢጫ ሆኗል። ኅትመቱ ግን ጥርት ያለ ነው፤ ከሌላ ሽፋን ላይ በስካነር የተገለበጠ ቢሆን ፊደሉ ዳር ዳሩን ይደበዝዝ ነበር። ሸክላውን ሳወጣው ቀጭንና ቀላል ነው፣ እንደዚያ ዘመን ሸክላ። የአንደኛው ገጽ መለያ ወረቀት ላይ አንድ የድሮ ባለቤት በሰማያዊ እስክሪብቶ ሁለት ፊደል ጽፎበታል። አጫውትልኝ አልኩት፣ አጫወተልኝ። “ኤሌክትሪክ ፈን ፌር” የሚለው የመጀመሪያው ሥራ ገና እንደጀመረ አንድ ጭረት አለ፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። ፊቴን አይቶ “የ1969 ዕቃ ነው፣ ምን ትጠብቃለህ?” አለኝ። እውነቱን ነው። እንዲያውም ያ ጭረት ደስ አሰኘኝ፤ የዕድሜው ምልክት ነዋ። ሲሽከረከር በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ዋሽንግተን ላለ ጓደኛዬ ልልክለት ብዬ ነበር።

ገንዘቡን በእጁ ቆጠርኩለት። ሸክላውን ከማጫወቻው አነሳው። “የውስጥ ከረጢቱ ተቀዷል፣ አዲስ ላድርግልህ” አለና መጋረጃውን ገልጦ ወደ ጓዳ ገባ። ሽፋኑ እኔ እጅ ላይ ነው፣ ሸክላው እሱ እጅ ላይ። ብዙም አልቆየም። ነጭ አዲስ ከረጢት ይዞ ወጣ፣ ሽፋኑን ከእጄ ተቀብሎ አስገባው፣ በፕላስቲክ አሸገው፣ ጠርዙን በፕላስተር ዘጋው። ያ መጋረጃ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ፈገግ ብሎ “መልካም ማድመጥ” ብሎኛል እኮ! ምንም አልጎደለውም፣ ፊቱ ላይ አንዲት ነገር አላየሁም።

ቤት ገብቼ መርፌውን ሳሳርፍ ቋታው የለም። ጥርት ያለ ድምፅ። መጀመሪያ ማጫወቻዬ ተሽሎ መሰለኝ። አነሳሁት፤ ከባድ ነው፣ ዛሬ ዛሬ እንደሚታተሙት ወፍራም ሸክላዎች። ሰማያዊው ጽሑፍ የለም። መሃል መለያው ዙሪያ ባለው ባዶ ቀለበት ላይ የተቀረጸው ቁጥርም በቅርቡ የታተመው ቅጂ ቁጥር ነው። የ1969ን ሽፋን ከትናንት ሸክላ ጋር ሰጥቶኛል።

በማግስቱ ሱቁ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ቀስ ብዬ፣ በትሕትና፣ “እርስዎ” እያልኩ ነገርኩት። እሱ “አንተ” ነው የሚለኝ። ሽማግሌ ስለሆነ ቻልኩት። “ይሄን የሸጥኩህ እኔ መሆኔን በምን አውቃለሁ?” አለኝ። ደረሰኙን ሰጠሁት። አነበበና ፈገግ አለ። የጻፈው “1 ኤልፒ፣ ያገለገለ” ብቻ ነው፤ አንድ ያገለገለ ሸክላ ማለቱ ነው። ስሙ የለም፣ ዓመቱ የለም፣ ኅትመቱ የለም። ፎቶውን አሳየሁት። “ፎቶ ከየትም ይነሳል” አለ። የገዛ ማጫወቻው፣ የገዛ ጠረጴዛው እኮ ነው ፎቶው ላይ ያለው!

ከዚያ ረዳቱ መጣ፤ ወጣት ልጅ ነው። ሽፋኑን በሁለት ጣቱ ይዞ አየውና ለአለቃው እንጂ ለእኔ ሳይሆን፣ “እነዚህ ሰዎች ክራውትሮክ ምን ያደርግላቸዋል?” አለው። ቋንቋውን የማላውቅ መስሎት ይሁን፣ ባውቅም ግድ ሳይሰጠው ቀርቶ አላውቅም። ለእኔ ደግሞ በጣቱ ጥግ እያመለከተ፣ “የአፍሪካ ሸክላ እዚያ ነው” አለኝ። 420 ዩሮው አንድ ነገር ነው። ይቺ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳችኝ ነገር ናት። ይህን ሙዚቃ ከእሱ በላይ ነው የማውቀው። ማን እንደነፋው፣ ከየት ከተማ እንደተነሳ፣ በምን ስም እንደጀመረ አውቃለሁ። ሰርቀውኝ ሲያበቁ ደግሞ ለመውደድም አይገባህም አሉኝ። ሽማግሌው አልገሠጸውም። ሌላ ደንበኛ ሲገባ ጀርባውን ሰጠኝ።

ምክር የምትሉ ከሆነ፣ ሸክላው ከእጃችሁ እንዳይወጣ፤ ከረጢቱን ራሳችሁ ቀይሩ። ደረሰኙ ላይ የባንዱን ስም፣ ዓመቱንና የመጀመሪያ ኅትመት መሆኑን አስጽፉ፣ እንቢ ካለ ጥላችሁ ውጡ። በካርድ ክፈሉ። በ14 ቀን መመለስ የሚባለው መብት በኢንተርኔት ወይም በስልክ ለተገዛ ዕቃ እንጂ ሱቅ ገብታችሁ ለገዛችሁት አይሠራም። ጉድለት ላለበት ዕቃ ግን ነጋዴው በሕግ ተጠያቂ ነው፣ ያገለገለም ቢሆን። በየክልሉ ያለው የሸማቾች ማዕከል ያማክራችኋል፤ እኔም እዚያው ሄጃለሁ።

እውነተኛው ሸክላ አሁንም እሱ ጋ ነው። ምናልባት ለሚቀጥለው ሰው እያጫወተለት ይሆናል። ፍራንክፈርት ወይም አካባቢው ባሉ የሸክላ ገበያዎች “ኤሌክትሪፕ” ካጋጠማችሁ አንደኛውን ገጽ እዩልኝ። መለያው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሁለት ፊደል ካለ፣ መጀመሪያው ላይም ሦስት ጊዜ ቋ ካለ፣ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።