በልክ የተሠራ ወይስ ዝግጁ? የመንጋጋ መገጣጠሚያ ለሚያስቀይሩ

የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሊያስቀይሩ የተቃረቡ ወዳጆቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ በኮምፒውተር ታቅዶ በልክ የሚሠራው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ እውነት ያን ያህል ዋጋ ያወጣል? እኔ ያወጣል ባይ ነኝ።

ዝግጁው በተወሰኑ መጠኖች ተሠርቶ ይመጣል። ዋጋው ያጓጓል። ግን ልኩ የሚገኘው ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ ነው፤ ዕቃው እስኪቀመጥ ድረስ ሐኪሙ አጥንቱን ይሞርዳል፣ ይለካል፣ መልሶ ይሞርዳል። ያ ሰዓት በነፃ አይደለም፣ የማደንዘዣውም የክፍሉም ሂሳብ ላይ ይደመራል። አጥንቱ ደህና ቅርጽ ያለው፣ ከዚህ በፊት ያልተከፈተ ሰው በዝግጁው ሊገላገል ይችላል፣ አልከራከርም። መገጣጠሚያው ለተጣበቀ ወይም መንጋጋው ለተጣመመ ሰው ግን እዚህ ላይ መቆጠብ አይታየኝም።

በልክ የሚሠራው ከሲቲ ስካን ይጀምራል። ሐኪሙና ኢንጂነሩ የቱ ጋ እንደሚቆረጥ፣ እያንዳንዱ ብሎን ስንት ሚሊሜትር እንደሚሆን፣ ነርቩ በየት እንደሚያልፍ ስክሪን ላይ አይተው ይጨርሳሉ። ጉዳቱ ጊዜ መውሰዱ ነው፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት። በዚህ መሀል ጥርስ ካስነቀላችሁ ንክሻው ተቀይሮ ዕቅዱ ሊበላሽ ይችላል።

ዋጋ ስትጠይቁ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ሰምታችሁ አትውጡ። ዕቅዱ ሲታረም ይከፈላል? የአጥንቱ ሞዴልና የመቁረጫ መምሪያው (አጥንት ላይ ተቀምጦ ሐኪሙ የቱ ጋ እንደሚቆርጥ የሚያሳየው ዕቃ) ሂሳቡ ውስጥ አሉ? ስካኑ ካልሆነ ድጋሚውን የሚከፍለው ማነው? ስካኑ በ3 ሚሊሜትር የምስል ውፍረት ተነስቶ የተመለሰበት ሰው አውቃለሁ፤ እያንዳንዱ ምስል 1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ የሳሳ መሆን ነበረበት። ሁለቴ ከፈለ።

«መምሪያውን በርካሽ እናትምላችኋለን» ከሚሉት ደግሞ ተጠንቀቁ። ፒኤልኤ በሚባለው ተራ ፕላስቲክ የታተመ አንድ መምሪያ ከኦቶክሌቭ (ዕቃ በሞቃት እንፋሎት ከሚያመክነው ማሽን) ሲወጣ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ጠርዙ ተጣሟል፣ ሞዴሉ ላይ ሲደረግ በሥሩ ጥፍር ያስገባል። ፕላስቲኩ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ ማሽኑ 121 ወይም 134 ይደርሳል፤ ምን ይጠበቃል? በዚያ ተመርቶ አጥንት መቁረጥ ማለት የተከፈለበትን ዕቅድ መጣል ነው።

ዕቃው ከምን እንደተሠራም በጽሑፍ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ብዙ ሰው ላይ የገባው፣ ፕሮፕላስት-ቴፍሎን የተባለው የቪቴክ ኩባንያ የመንጋጋ ተተኪ እየተፈረፈረ አጥንት አስበልቷል። ዛሬ የተለመደው ፖሊኢቲሊን በተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ላይ የሚንቀሳቀስ ኮባልት ክሮም የተባለ ብረት ነው። ኒኬል የማይስማማችሁ ከሆነ ዕቅዱ ሳይጸድቅ ተናገሩ፤ ኮባልት ክሮሙ ውስጥ ጥቂት ኒኬል ስላለ ከእሱ የሚሠራው የታችኛው ክፍል በቲታኒየም እንዲሠራ ማዘዝ ይቻላል።