ከፊት የሚፈጭ ድምፅ ያለው አሮጌ ላንድ ክሩዘር ይገዛል?

የምንገመግመው እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1999 የተሠራውን ላንድ ክሩዘር 70 ነው፤ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ያለውን፣ ፊቱም ኋላውም በባሌስትራ (በተደራረበ የብረት ምላስ) የቆመውን። ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ያለ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው የመፋጨት ድምፅ ስለሰማ ብቻ አይሽሽ። ድምፁ ከፊት ጎማ ከሆነ ይጠገናል። ከዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ ከሚያከፋፍለው ክፍል) ወይም ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ከሆነ ግን ዋጋው በጣም መውረድ አለበት።

ጥሩነቱ መኪናው ራሱ ጥፋቱን ለመለየት ያግዛል። የፊቱ ሃብ (ጎማው መሃል ላይ ያለው፣ ጎማውን ከሰሚያሱ ጋር የሚያያይዝ ቁልፍ) ሲፈታ ሰሚያሱ (ከዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ)፣ የፊት ዲፈረንሻሉና የፊት ትራንስሚሽኑ (ወደ ፊት ዲፈረንሻል ኃይል የሚወስደው ረጅም ዘንግ) ከጎማው ጋር መዞር ያቆማሉ። ስለዚህ በሜዳማ አስፋልት፣ አራት ጎማው ሳይገባ፣ አንዴ ሃቡን ፈትተው አንዴ ቆልፈው በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይንዱ። ሲፈታ የሚጠፋ ድምፅ ከሦስቱ ካንዱ ነው። ካልጠፋ የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ተሽከርካሪ ብረት)፣ ፍሬን ወይም የኋላው ክፍል ይጠረጠራል።

ኩሽኔታ ከሆነ፣ መሪውን በትንሹ ወደ ግራ ሲያዞሩ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል፤ ጉርምርምታው ያኔ ከጨመረ የቀኙ ነው። በክሪክ አንስተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት። ከላላ፣ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። መላላቱ ከጠፋ የጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ መሪ ሲዞር የሚሠራው የኪንግ ፒን ኩሽኔታ ነው። ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ነው፤ ሳይደረግ ከቀረ ግን ጤነኛው ኩሽኔታ ተቀይሮ ድምፁ እዚያው ይቀራል።

የዚህ መኪና እውነተኛ ድክመት ከጎማው ጀርባ ያለው ኳስ መሳይ ብረት ነው። በውስጡ የሰሚያሱ መገጣጠሚያ በግራሶ ተውጦ ይሠራል። የውስጠኛው ፓራዮሊ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ጎማ) ሲያረጅ የዲፈረንሻል ዘይት ይገባና ግራሶውን ያጥበዋል፤ መገጣጠሚያው ደርቆ ይበላል። ኳሱ ላይ ቀጭን ጥቁር ፈሳሽ ካዩ፣ አራት ጎማውን አስገብተው በጠጠር መንገድ መሪውን እስከ ጫፍ አዙረው በዝግታ ይንዱ። ቀጭ ቀጭ ካለ ተበልቷል፤ ሲብስ ድምፁ ወደ መፋጨት ይለወጣል። ፓራዮሊውን ሳይቀይሩ ግራሶ መሙላት ገንዘብ መጣል ነው። ግራሶው ሞሊብዲነም ያለበት ይሁን፣ ኳሱም ሦስት አራተኛ ያህል ይሞላ። መገጣጠሚያው ካልተሰነጠቀ የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ ማቀያየር ዕድሜ ይጨምርለታል፤ ያልተበላው ጎኑ ነውና የሚሠራው።

ክረምት ላይ የፎገራን ውሃ የተሻገረ መኪና ከሆነ የዲፈረንሻሉን ዘይት ሳያዩ አይዋዋሉ። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ ውሃውን በፓራዮሊው በኩል ይስባል። ወተት የመሰለ ዘይት የዚህ ምልክት ነው። ታፖው (ዘይቱ የሚወርድበት ክዳን) ላይ ግራጫ ዱቄት መያዙ የተለመደ ነው፤ የብረት ስባሪ ከያዘ ግን ኮሮና ፒኞኑ (የዲፈረንሻሉ ዋና ጥርሶች) እየተበላ ነውና ዋጋው በጣም ካልወረደ ይተዉት። ወደ ቤዛዊት ዳገት ነዳጅ ሲሰጡት የሚጮህ፣ እግርዎን ሲያነሱ የሚለወጥ ድምፅም ከዚያው ነው።

ካምቢዮው በቆመበት ይፈተናል። ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ የሚፈጨው ድምፅ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከጠፋ የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው፤ ሲረገጥ ከመጣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት የአንዱን ሃብ ክዳን ያስከፍቱ። ኩሽኔታውን የሚያጠብቀው ዳዶ በ54 ሚሊ ሜትር ቁልፍ መፈታት ሲገባው ጠርዙ በመሮ ከተመታ፣ ኩሽኔታው የተጠበቀው በግምት ነው። በአግባቡ ሲሠራ በ60 ኒውተን ሜትር ጠብቆ፣ ጎማው ዞሮ፣ ላልቶ፣ ከዚያ በቀስታ እንደገና ይጠበቃል፤ ጎማው የሚታሰርበት ክፍልም በጎማ ቡሎን ላይ በሚጎተት ሚዛን ሲሳብ ከ2.8 እስከ 5.6 ኪሎ ላይ መዞር ይጀምራል።