ለእናቴ ሐኪሞች ምስጋና፣ ለታማሚ ቤተሰቦችም ጥቆማ

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እናቴን ላከሙልን ቀዶ ሐኪምና አብረዋቸው ለሠሩት ነርሶች ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ።

እናቴ ሰገራዋ ላይ ደም ማየት ከጀመረች በኋላ በአንድ ክሊኒክ «ኪንታሮት ነው» ተብላ ስምንት ወር ቅባት ስትቀባ ቆየች። የትልቁ አንጀት ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ በሽታው ወደ ሞራዋና ወደ ሆድ ዕቃዋ ሽፋን ተዛምቶ ነበር። «ሆድ ውስጥ ከተበተነ አይነካም» ያሉን ብዙ ናቸው፤ ዘመድ ደግሞ ቤታችንን ሸጠን ሕንድ እንድንወስዳት፣ በዚያም የሞቀ የካንሰር መድኃኒት ሆዷ ውስጥ እንዲገባላት ይወተውተን ነበር።

ሐኪሙ ግን አልቸኮሉም። በላቦራቶሪ ወረቀት ጀርባ ሆድ ሥለው በዘጠኝ ከፈሉት፤ ትንሹን አንጀት ደግሞ በአራት ከፍለው ጨመሩበትና አሥራ ሦስት ቦታ አደረጉት፤ እያንዳንዱ እንደ እጢው መጠን ከ0 እስከ 3 ነጥብ እንደሚሰጠው፣ ድምሩም እስከ 39 እንደሚደርስ አስረዱን። የእናቴ በሲቲ ስካኑ 6 ገደማ ነበር፤ ትክክለኛው ቁጥር የሚታወቀው ሆዷ ሲከፈት ነው አሉ። ለዓይን የሚታየው እጢ በሙሉ ተለቅሞ የሚወጣ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው እንደሚጠቅማት፣ የሚቀር ከሆነ ግን ድካሙ እንደሚያመዝን ሳይደብቁ ነገሩን። ስለ ሞቀው መድኃኒትም በ2021 የታተመውን የፈረንሳይ ጥናት ጠቅሰው፣ ኦክሳሊፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ሞቆ ሲጨመር ከቀዶ ሕክምናው ብቻ የበለጠ ዕድሜ እንዳላስገኘ፣ ከባድ የጎንዮሽ ችግሮችን ግን እንዳበዛ ገለጹልን። ቤታችን ያልተሸጠው በዚህ ምክራቸው ነው።

መጀመሪያ በየሁለት ሳምንቱ ስድስት ዙር ኬሞቴራፒ ወሰደች። ከዚያም ሰባት ሰዓት በፈጀ ቀዶ ሕክምና የታመመው አንጀት፣ ሞራው፣ ሁለቱ የእንቁላል ማመንጫዎች (ኦቫሪዎች)ና እጢ የያዘው የሆድ ሽፋን ወጣላት።

ሆዷ ላይ ለጊዜው በተከፈተው የሰገራ መውጫ የሚለጠፈውን ከረጢት እናቴ አፍራ በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። አንዲት ነርስ መጋረጃውን ስባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና «እማማ፣ እኔም ልጅዎ ነኝ» ብላ የከረጢቱን ቀዳዳ በልኩ በመቀስ መቁረጥን፣ ቆዳውን በለብታ ውሃ አጥቦና አድርቆ መለጠፍን ሦስት ጊዜ አሳየችኝ። በአራተኛው እናቴ ራሷ ለጠፈችው።

ድናለች ብዬ አልደመድምም፤ በየሦስት ወሩ ክትትል ላይ ናት። በጎንደርና በዙሪያዋ ይህ ሕመም የገጠማችሁ ግን ንብረት ከመሸጣችሁ በፊት የሲቲ ስካኑን ሲዲና የፓቶሎጂውን (የእጢ ናሙና ምርመራውን) ውጤት ይዛችሁ የሆስፒታሉን ቀዶ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል አማክሩ፤ ከሁሉ በፊትም «እጢው ሙሉ በሙሉ ሊወጣ ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።