ማንቸስተር ለሽርሽር የምትሄዱ፣ ይቺን «ሁሉን በአንድ» የምሽት ፓስ አትግዙ

ለቅዳሜና እሁድ ወደ ማንቸስተር ልትወጡ ካሰባችሁ «አምስት ክለብ ያለ ወረፋ፣ ነጻ ሾት፣ የምግብ ቅናሽ፣ የከተማ ጉብኝት» የሚል ማስታወቂያ ስልካችሁ ላይ መምጣቱ አይቀርም። ሁሉም ሻጭ ሌባ ነው እያልን አይደለም። ግን ግማሹን ነገር ያለ ፓሱም በነጻ ታገኙታላችሁ፣ ሌላውን ደግሞ ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ውል ይበላዋል።

ከመግቢያው እንጀምር። ኖርዘርን ኳርተር፣ በተለይ ኦልድሃም ስትሪት አካባቢ ያሉት አብዛኞቹ ባሮች መግቢያ አያስከፍሉም። የሚያስከፍሉት ክለቦች ናቸው፤ ለነሱ ደግሞ ውሉ «የመጨረሻ መግቢያ 10፡30» ሊል ይችላል። በኛ ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው እንጂ ሊነጋ ሲል አይደለም! በዚያ ሰዓት ክለቡ ገና ባዶ ነው፣ አምስቱንም ማዳረስ አይታሰብም። ሰዓቱ ካለፈ በር ላይ እንደ ማንም ትከፍላላችሁ። «ያለ ወረፋ» የሚባለውም ብዙ ጊዜ የቲኬቱን ሰልፍ ነው፤ የፍተሻው ሰልፍ አይቀርላችሁም።

መታወቂያ ሌላው ጣጣ ነው። ከ25 ዓመት በታች የምትመስሉ ከሆነ ጋርዱ ይጠይቃችኋል። ኦሪጅናል ፓስፖርት ወይም የእንግሊዝ መንጃ ፈቃድ ያዙ፣ ፕሮቪዥናሉም (የተለማማጁ) ይበቃል። የፓስፖርት ፎቶ በስልክ ማሳየት ብዙ ቦታ አያስገባም፣ የኢ-ቪዛ ሼር ኮድ (የመኖሪያ ፈቃድን በኢንተርኔት ማሳያ ቁጥር) ደግሞ ጭራሽ ለዚህ የተሠራ አይደለም። ከበር ብትመለሱ የፓሱ ሻጭ «ጥፋቱ የናንተ ነው» ብሎ ገንዘቡን ያስቀራል።

«ነጻ ሾቱን» ልብ በሉ። በሕጉ ጂን፣ ሩም፣ ቮድካና ውስኪ ለብቻቸው ሲቀዱ ልካቸው 25 ወይም 35 ሚሊ ሊትር ነው። «ሾት» ተብሎ ሊሰጣችሁ የሚችለው ባለቀለሙ ጣፋጭ ሊኬር ግን በዚህ ደንብ አይገዛም። አልኮሉ 15% የሆነ 25 ሚሊ ሊትር ሊኬር ብትጠጡ፣ ያገኛችሁት አልኮል 37.5% ከሆነው ቮድካ ግማሹን እንኳ አይሞላም።

የምግብ ቅናሹን በወረቀት አስሉት። ሒሳቡ 60 ፓውንድ መጣ እንበል፤ ምግቡ 40፣ መጠጡ 20። 20% ቅናሹ ለምግብ ብቻ ከሆነ 8 ፓውንድ ይቀነሳል። 12.5% ሰርቪስ ቻርጁ (የመስተንግዶ ክፍያው) ከቅናሹ በፊት ባለው 60 ላይ ከተጣለ ደግሞ 7.50 ይጨመራል። በመጨረሻ ከ60ው የሚጎድለው ሃምሳ ሳንቲም ብቻ ነው። «እንደ ፈቃድዎ» የተባለ ሰርቪስ ቻርጅ ይነሳልኝ ማለት መብታችሁ ነው፣ አትፈሩ። ይልቅ በአውቶቡስ ረሾልም ውረዱና ዊልምስሎው ሮድ ላይ፣ ከሪ ማይል በሚሉት ሰፈር ብሉ። በጾም ወቅት ከሆነ ዳሉ (የምስር ወጡ) በቅቤ መቁላላት አለመቁላላቱን ጠይቁ።

ለጉብኝቱማ ምን ይከፈላል? የስቲቨንሰን ስኩዌር የግድግዳ ሥዕሎች ደጅ ላይ ናቸው። በ1900 የተከፈተው የጆን ራይላንድስ ቤተ መጻሕፍትም የማንቸስተር አርት ጋለሪም መግቢያቸው ነጻ ነው። የአንኮትስን የጥጥ ፋብሪካዎች በእግር ዞራችሁ ታያላችሁ።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፦ ቀኑ ለተቆረጠ መዝናኛ የ14 ቀን የመሰረዣ መብት አይሠራም። ነገር ግን ቃል የተገባው ካልተሰጠ «አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አያግዳችሁም፤ የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ አለ። ማስታወቂያውን በስክሪንሾት ያዙ፣ መጀመሪያ ለሻጩ በጽሑፍ አመልክቱ፣ እምቢ ካለ በካርድ የከፈላችሁ ባንካችሁን ቻርጅባክ (ገንዘቡን ከሻጩ እንዲያስመልስላችሁ) ጠይቁ። የክሬዲት ካርዱ አንቀጽ 75 (ሻጩ ውል ሲያፈርስ ካርድ ሰጪውንም ተጠያቂ የሚያደርገው ሕግ) የሚሠራው የአንዱ ዕቃ ዋጋ ከ100 ፓውንድ ሲበልጥ ነው፤ ስለዚህ አራት የሠላሳ ፓውንድ ፓስ ደምራችሁ አትድከሙ። በባንክ ዝውውር ክፈሉ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቻርጅባክ የሚባል ነገር ስለሌለ እዚያው ተዉት።